የቆመውን ዳታቤዝ ማን ያዘው?

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ከአንድ ቅርንጫፍ፣ ቀጥሎ ከሌላው፣ ከዚያ በኋላ ከየአቅጣጫው። አቤቱታው አንድ ዓይነት ነው። ደንበኛው መስኮቱ ላይ ቆሟል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ የማረጋገጫውን ቁልፍ ተጭናለች፣ ደረሰኙ ግን አልወጣም። ለወረፋው "ሲስተም የለም" መባል ተጀምሯል። ስሙን በማልጠቅሰው በዚህ የአዲስ አበባ ተቋም የዳታቤዝ ክፍል ውስጥ የነበሩት ባለሙያዎች ቀድመው ያዩት የሰርቨሩን ጫና የሚያሳየውን ግራፍ ነበር። ግራፉ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ፕሮሰሰሩ ሥራ የለውም፣ ሜሞሪው አልሞላም፣ ዲስኩም አልተጨናነቀም።

"ሪስታርት እናድርገው" አለ ወጣቱ ባለሙያ። የክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠየቁ።

"ጥቂት ይታገሱኝ፤ መጀመሪያ ማን እንደያዘው ልየው" አለቻቸው የዳታቤዝ አስተዳዳሪዋ።

የምትሠራበት ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነው። ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት አጭር ሰሌክት ጻፈች፤ የምትጠይቀው ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለውን ሠንጠረዥ ነበር። በማያ ገጹ ላይ ረድፎች ወረዱ። እያንዳንዱ ረድፍ ከዳታቤዙ ጋር የተገናኘ አንድ ሴሽን ነው፤ በማን ስም እንደገባ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራ፣ ትራንዛክሽኑን መቼ እንደጀመረ፣ አሁን ምን እያስኬደ እንደሆነ፣ የሚጠብቀውም ነገር ካለ ምን እንደሆነ ይናገራል። አብዛኞቹ ረድፎች "አክቲቭ" ይላሉ። ከጎናቸው ባለው ዓምድ ላይ ግን "ሎክ" የሚል ተጽፏል። ሁሉም የደረሰኝ ተራ ቁጥር የሚቆጠርባትን አንዲት ረድፍ ለመቀየር የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ቆመዋል።

ግራፉ የተኛው ለዚህ ነበር። ሎክ የሚጠብቅ ኩዌሪ ፕሮሰሰር አይነካም። ሰርቨሩ ሥራ በዝቶበት የቆመ ሳይሆን ሥራውን አንድ ሰው ይዞበት የቆመ ነው። ሁለቱ በደንበኛው ዓይን ልዩነት የላቸውም፤ መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ለመጨመር ገንዘብ የሚያወጡ ተቋማት ይህን ልዩነት ሳያዩ የሚያወጡት ከሆነ ገንዘባቸው ባክኗል ብዬ አምናለሁ።

አስተዳዳሪዋ ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ የምትባለውን ፈንክሽን ጨመረችበት። ይቺ ፈንክሽን እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ የ9.6 እትም ጀምሮ ያለች ናት፤ የአንድን ሴሽን መለያ ቁጥር ስትሰጧት እሱን የገደቡትን ሴሽኖች ቁጥር ትመልሳለች። መልሱን ማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ረድፍ ላይ ብዙዎች ሲጠብቁ ወደ ኋላ የቆመው የሚጠቁመው ከፊቱ የቆመውን ነው፤ ከፊት ያለው ደግሞ ሌላ ይጠቁማል። የመጀመሪያውን ጣት ተከትሎ የተጠቆመውን መቁረጥ ከተጎጂዎቹ አንዱን መቁረጥ ይሆናል። እሷ ሰንሰለቱን እስከ ሥሩ ወረደች። ሥሩ ላይ የቆመው ሴሽን ማንንም አይጠብቅም። ሁኔታውም "አይድል ኢን ትራንዛክሽን" ይላል፤ ትራንዛክሽን ከፍቷል፣ አሁን ግን ምንም እየሠራ አይደለም። ትራንዛክሽኑን የጀመረው ከስምንት ደቂቃ በፊት ነው።

"ግን እኮ ሰሌክት ብቻ ነው ያለው" አለ ወጣቱ የኩዌሪውን ዓምድ እያየ። እውነቱን ነው፤ የተጻፈችው ኩዌሪ ማንንም የማታስቆም ተራ ሰሌክት ነበረች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሴሽኑ ሥራ ላይ ካልሆነ ዓምዱ የሚያሳየው መጨረሻ ላይ ያስኬደውን ኩዌሪ ነው። ሎኩን የያዘው አፕዴት ከእሷ በፊት አልፏል፤ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ ሎኩ ግን ትራንዛክሽኑ እስኪዘጋ ድረስ አይለቀቅም።

የኮምፒውተሩ አድራሻ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወሰዳት። ስልኩን አነሳች።

"ወንድሜ፣ የደረሰኝ ቁጥር ታስተካክል ነበር?"

"አዎ፣ ጨርሻለሁ። አይቼዋለሁም፣ ተስተካክሏል።"

"ኮሚት አድርገሃል?"

መልስ ከመምጣቱ በፊት ማያ ገጹ ላይ ያሉት ረድፎች መጥፋት ጀመሩ። ሰውየው ለውጡን ያየው ኮሚት አድርጎ ሳያረጋግጥ፣ የራሱ ትራንዛክሽን ውስጥ ሆኖ ነበር፤ ለእሱ ብቻ ተስተካክሎለታል። ለምን ወዲያው እንዳልቆረጠችው በኋላ ጠየቅኳት። ሴሽኑ ቢቆረጥ አፕዴቱ ወደኋላ ይመለሳል፤ ሰውየው ግን ጨርሻለሁ ብሎ ስለሚያምን ያልተስተካከለ ቁጥር ይዘን እንቀጥል ነበር አለችኝ። ስልኩን ባያነሳ ኖሮስ? ያኔ ለመቁረጥ አታመነታም፤ ተራ ቁጥሩን ቆይቶ ማስተካከል ይቻላል፣ የቆመውን ሕዝብ ግን ማቆየት አይቻልም።

እንዲህ ያለ የማያ መስኮት ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት እዚህ ቦታ ላይ ጥቂት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ኤድጋር ኮድ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በሚገኘው የአይቢኤም ምርምር ማዕከል ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃን በሠንጠረዥ ዝምድና የማስቀመጥን ሐሳብ አቀረበ። ከእሱ በፊት በነበሩት የዳታቤዝ ዓይነቶች ፕሮግራመሩ መረጃው የተቀመጠበትን መንገድ እያወቀ፣ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ራሱ እየተራመደ ነበር የሚሠራው። የኮድ ሐሳብ ይህን ገለበጠ። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፣ መንገዱን ዳታቤዙ ራሱ ይፈልግ አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ እዚያው አይቢኤም ውስጥ የኤስኪውኤልን ቋንቋ አወጡ። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ ኢንግረስን ሠሩ፤ ስቶንብሬከር ቀጥሎ የጀመረው ፕሮጀክት የዛሬው ፖስትግሬስ አባት ነው።

ይህ ነፃነት ዋጋ አለው። መንገዱን ዳታቤዙ ከመረጠ፣ ኩዌሪውን የጻፈው ሰው መንገዱን አያውቀውም ማለት ነው። ያቺው ሰሌክት ትናንት በኢንዴክስ በኩል ሄዳ በቅጽበት መልሳ ይሆናል፤ ዛሬ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር እያነበበች ይሆናል። ጽሑፏ አልተለወጠም። ስለዚህ ውስጡን የሚያሳይ መስኮት ከቅንጦት ዕቃ የሚቆጠር አይደለም፤ መንገዱን ለማሽን አሳልፈን ስንሰጥ አብሮ መምጣት የነበረበት መብታችን ነው። ኮድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣቸው ታዋቂ ደንቦች ውስጥ የዳታቤዙ መግለጫ እንደማንኛውም መረጃ በሠንጠረዥ መልክ ተቀምጦ በዚያው ቋንቋ መጠየቅ አለበት ብሏል። የሚሄዱ ኩዌሪዎችን በሰሌክት መጠየቅ መቻላችን የዚያ አስተሳሰብ ዘር ነው።

እያንዳንዱ ዳታቤዝ ይህን መስኮት በራሱ ስም ያወጣዋል። ማይኤስኪውኤል "ሾው ፕሮሰስሊስት" ይላል፤ "ፉል" የምትለውን ቃል ካልጨመሩበት ከኩዌሪው የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን 100 ፊደላት ብቻ ነው። ኦራክል ቪ ዶላር ሴሽን አለው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ኤስፒ ሁ ቱ እና ከ2005 እትሙ ወዲህ የመጡት፣ ዲኤምቪ የሚባሉ የውስጥ ሁኔታ ማሳያዎች አሉት። ከእነዚህ ሁሉ ለአስተዳዳሪዎች አስተሳሰብ ትልቁን ውለታ የዋለው ኦራክል ይመስለኛል። "ኩዌሪው ምን ያህል ፈጀ?" ከሚለው ጥያቄ አልፎ "ምን እየጠበቀ ነው?" የሚለውን ለእያንዳንዱ ሴሽን መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ፖስትግሬስ እዚያ ለመድረስ ቆይቷል፤ እስከ 9.6 ድረስ የነበረው "ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም" የሚል የአዎና የአይደለም ዓምድ ብቻ ነው።

የማየቱ ሥራ በራሱ ሸክም መሆን የለበትም፤ ይህን ማሟላት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ማይኤስኪውኤል ለረጅም ዘመን ዝርዝሩን ለማሳየት የሴሽኖቹን ሁሉ መዝገብ በአንድ የጋራ ሎክ ይይዝ ነበር። በተጨናነቀ ሰርቨር ላይ ደጋግሞ የሚያይ ሰው ሌሎቹን ያስጠብቃል ማለት ነው። በ8.0.22 እትም ይህን ሎክ የማይፈልግ አዲስ መንገድ ተጨመረለት። ፖስትግሬስ የመረጠው ሌላ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ሴሽን የራሱ ፕሮሰስ አለው፤ በጋራ ሜሞሪ ላይም የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል። ኩዌሪ ሲጀምር በዚያ ቦታ ላይ ይጽፋል። ከመጻፉ በፊት አንድ ቆጣሪ ይጨምራል፣ ከጻፈ በኋላም እንደገና ይጨምራል። አንባቢው ቆጣሪውን ከማንበቡ በፊትና በኋላ ያያል፤ ቁጥሩ ተለውጦ ወይም ጎዶሎ ሆኖ ካገኘው ጸሐፊው መሐል ላይ ነበር ማለት ነውና እንደገና ያነባል። ጸሐፊው አንባቢውን አይጠብቅም። በዚህ ንድፍ እደነቃለሁ፤ ችግር ሲመጣ ደጋግሞ ለማየት ድፍረት የሚሰጠው ይኸው ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ግን የኩዌሪው ጽሑፍ በመደበኛው ቅንብር ከ1024 ባይት በላይ ሲሆን ይቆረጣል። ፕሮግራም የጻፋቸው ረጃጅም ኩዌሪዎች መጨረሻቸው የማይታየው ለዚህ ነው፤ ቅንብሩን ማሳደግ ይቻላል፣ ሰርቨሩን ዳግም ማስነሳት ግን ይጠይቃል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ትራንዛክሽን ከፍታችሁ እዚያው ውስጥ ሆናችሁ ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ደጋግማችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት የመጀመሪያውን ሥዕል ነው፤ ፖስትግሬስ በትራንዛክሽኑ ውስጥ አንዴ ያነበበውን ይዞ ይቆያል። ነገሩ ከተፈታ በኋላም "አሁንም እንደቆመ ነው" ብሎ ለአለቃው የሚያሳውቅ ሰው እንዲህ ባለ መስኮት እያየ ሊሆን ይችላል።

የሎክ ወረፋ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በሰነድ ከተቀመጡ ታሪኮች ሁሉ ግልጹ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 2015 በአሜሪካው የክላውድ ኩባንያ ጆየንት ላይ የደረሰው ነው። ኩባንያው ማንታ የተባለ የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎት ነበረው፤ የፋይሎቹ ዝርዝር የሚቀመጠው በፖስትግሬስ ነበር። በዕለቱ ፖስትግሬስ ራሱ የሚያስነሳው አውቶቫኩም የሚባለው ጽዳት በአንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ እየሠራ ነበር። ይህ ጽዳት ማንበብንና መጻፍን አያግድም። መሐል ላይ ከመተግበሪያው የመጣች፣ አንድ ትሪገር ለመሰረዝ የምትጠይቅ ትእዛዝ ደረሰች። ይቺ ትእዛዝ ሠንጠረዡን ለብቻዋ መያዝ ትፈልጋለች።

አንድ የንባብ ክፍል አስቡ። ብዙ አንባቢዎች አብረው ይቀመጡበታል። ዕቃውን ሊያወጣ የመጣ ሠራተኛ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን በር ላይ ይቆማል፤ ደንቡ ደግሞ በመጣህበት ተራ ግባ የሚል ነው። ከሠራተኛው በኋላ የመጡት አንባቢዎች ሁሉ፣ ውስጥ ባዶ ወንበር ቢኖርም፣ ከእሱ ጀርባ ይሰለፋሉ። ጆየንት የደረሰበት ይኸው ነው። ጽዳቱ አንባቢንም ጸሐፊንም አላገደም፤ ትእዛዟም ገና ሥራ አልጀመረችም፤ ከሁለቱ መግጠም የተነሳ ግን ሠንጠረዡን የሚፈልግ ኩዌሪ ሁሉ ቆመ። እንዲህ ዓይነቱ ጽዳት በተራ ቀን ለሌላ ሥራ ቦታውን ለቅቆ ራሱን ያቋርጣል። የዚያን ቀኑ ግን የትራንዛክሽን ቁጥሮች ዞረው እንዳይደራረቡ የሚካሄደው ዓይነት ነበር፤ እሱ ራሱን አያቋርጥም። ኩባንያው ጉዳዩን መርምሮ ዝርዝሩን ለሕዝብ ማውጣቱ የሚመሰገን ነው፤ ብዙ አስተዳዳሪዎች የሎክ ወረፋን የተማሩት ከእንደዚህ ያሉ ግልጽ ዘገባዎች ነውና።

ስለ መቁረጥ ደግሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፖስትግሬስ ሁለት ደረጃ ያለው መንገድ ሰጥቷል። ፒጂ ካንሰል ባክኤንድ የምትሄደውን ኩዌሪ ብቻ ያስቆማል፤ ሴሽኑ ይቀራል። ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ ሴሽኑን ራሱን ይዘጋል፤ ያልተረጋገጠው ለውጥ ሁሉ ይመለሳል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደነበረው ትራንዛክሽን ይዞ ዝም ባለ ሴሽን ላይ የመጀመሪያው ምንም አያደርግም፤ የሚቋረጥ ኩዌሪ የለማ። ከእነዚህ አልፎ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል በኪል ዘጠኝ ፕሮሰሱን የሚገድል ግን ከአንዱ ጋር ሁሉንም ይጥላል፤ አንድ ፕሮሰስ እንዲህ ሲሞት ፖስትግሬስ የጋራ ሜሞሪው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሁሉንም ሴሽኖች አባሮ ከምዝግብ ማስታወሻው ራሱን ያድሳል። የቸኮለ እጅ የሚያመጣው ትልቁ ጥፋት ይኼ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የማያሳየውንም መናገር ተገቢ ነው። የሚያሳየው አሁንን ብቻ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የቆመውን ዳታቤዝ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢጠይቁት ምንም አይልም። ኦራክል ከ10ጂ እትሙ ጀምሮ ሥራ ላይ ያሉትን ሴሽኖች በየሰከንዱ እየወሰደ የሚያኖረው ለዚህ ነው። ፖስትግሬስ ውስጥ ይህን የሚፈልግ ሰው ናሙናውን ራሱ በየጊዜው ወስዶ ማስቀመጥ ወይም ተጨማሪ መሣሪያ መትከል አለበት። ዓይን የማይዛቸው ፈጣን ኩዌሪዎችም አሉ። አምስት ሚሊሰከንድ የምትፈጅ ኩዌሪ በቀን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ብትሄድ በድምሩ ከ83 ደቂቃ በላይ ሥራ ናት፤ ሠንጠረዡን በተመለከቱ ቁጥር ግን ላትገኝ ትችላለች። ለእሷ ድምሩን የሚይዘው ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ያስፈልጋል።

ማን ይይ የሚለው ጥያቄ የቴክኒክ ብቻ አይደለም። በፖስትግሬስ ተራ ተጠቃሚ የሌላውን ሰው ኩዌሪ አያነብም፤ በዓምዱ ላይ በቂ ፈቃድ እንደሌለው ይነገረዋል። ይህ ትክክል ነው። በኩዌሪው ጽሑፍ ውስጥ የሰዎች ስልክ ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የሕክምና መረጃ ሊኖር ይችላል። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃን በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደንግጋለች፤ በመቆጣጠሪያ ማያ ገጽ ላይ ተዘርግቶ ሁሉም ሰው የሚያየው ኩዌሪ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። በሌላ በኩል ፈቃዱን ፈጽሞ መንፈግ ሌሊት ተረኛውን ያሳውራል። ከ10ኛው እትም ጀምሮ ፒጂ ሞኒተር የሚባል ሮል አለ፤ የሚያዩትን ሰዎች የዳታቤዙ ጌታ ሳያደርግ የማየት ፈቃድ ብቻ ይሰጣቸዋል። ለተረኞች ሁሉ የሱፐርዩዘር ይለፍ ቃል ማደል የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

ይህን የምታነቡ ፕሮግራመሮች፣ ከዳታቤዙ ጋር ስትገናኙ የመተግበሪያችሁን ስም "አፕሊኬሽን ኔም" ላይ ጻፉ። የቅርንጫፉ መተግበሪያ፣ የሪፖርቱ፣ የሌሊቱ ሥራ ሁሉም በአንድ ተጠቃሚ ስም ከአንድ ሰርቨር ሲመጡ ችግሩን የሚፈልገው ሰው የሚደውልለት አያገኝም። ትራንዛክሽን ከፍታችሁ መሐል ላይ የሌላ ድርጅት ሰርቨር መልስ አትጠብቁ፤ እዚያ መልሱ በዘገየ ቁጥር ሌሎች ሁሉ እናንተ በያዛችሁት ሎክ ላይ ይቆማሉ። ሠንጠረዥ የሚቀይር ትእዛዝ ስትልኩ "ሎክ ታይምአውት" አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ተራ ካላገኘ ራሱ ይመለስ፣ ከጀርባው ሰው አያሰልፍ። አስተዳዳሪዎች ደግሞ "አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት" የሚለውን ቅንብር ዛሬውኑ ተመልከቱ። ከ9.6 እትም ጀምሮ አለ፣ የተረሳን ትራንዛክሽን ከተወሰነለት ጊዜ በኋላ ይዘጋል። መደበኛ ዋጋው ግን 0 ነው፤ ይኸውም እናንተ ካልቀየራችሁት ፖስትግሬስ ሳምንት ሙሉ የተረሳ ትራንዛክሽንም ቢኖር በራሱ አይዘጋውም።